ያለ ክፍያ ልጆችን ማሰልጠንና የወላጆች ጩኸት

ጥያቄ፦
ከ9 እስከ 11 ዓመት የሆኑ 16 ልጆችን በበጎ ፈቃድ እግር ኳስ ማሰልጠን ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ልምምዱ አይከብደኝም፤ የሚከብደኝ ከሜዳው ዳር የሚመጣው ድምፅ ነው። ባለፈው ጨዋታ ተከላካዩን «ያዛትና ቀና በል» ስለው አባቱ ከወዲያ ማዶ «ጠልዛት!» ብለው ጮኹ፤ ልጁም ኳሷን በእግሩ ሥር እንደያዘ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ አባቱ ሲመለከት ተነጠቀና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወላጆችን ሳላስቀይም ይህን እንዴት ላስቆም?

መልስ፦
ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ወላጆችን ሰብስበው ማበረታታት የሁሉም፣ መመሪያ መስጠት ግን የአሰልጣኙ ብቻ መሆኑን፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ልጅ ምን ያህል እንደሚሰለፍ አስቀድመው ይንገሯቸው። የተቆጣ ወላጅ ሲመጣ ልጁ በቆመበት አይከራከሩ፤ በማግስቱ ለብቻ ያነጋግሩት።

ሌላ መልስ፦
በእኔ እምነት 16 ልጅ ለአንድ ሰው ይበዛል። ሜዳውን ከፋፍለው አራት ለአራት ቢያጫውቷቸው ተራ መጠበቁ ይቀርና ሁሉም ኳስ ደጋግመው ይነካሉ፤ አንዱን ሜዳ እንዲከታተሉልዎ እኚያን አባት ይጠይቋቸው፤ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ብዙ ጊዜ ጩኸቱን ይቀንሳል። በአንድ ነገር ግን ለማንም ወላጅ እንዳይበገሩ እለምንዎታለሁ፦ ጭንቅላቱን ተመትቶ የአንጎል መናወጥ ጉዳት የተጠረጠረበት ልጅ «ደህና ነኝ» ቢልም እንኳ በዚያው ቀን ወደ ጨዋታ መመለስ የለበትም፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ጠያቂው፦
ከልብ አመሰግናለሁ። አባትየውን ከቀጣዩ ልምምድ በፊት አነጋግራቸዋለሁ።