ነርሲንግ በዲፕሎማ ወይስ በዲግሪ? (ባሕር ዳር)

የሽምብጥ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ የ12ኛ ክፍል ውጤት እየጠበቀች ነው፤ ነርስ እሆናለሁ ብላ ቆርጣለች። አባታችን "ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ገብታ በሌቭል 4 (በዲፕሎማ) ቶሎ ትመረቅ" ይላሉ፤ እናታችን ደግሞ ካለ ዲግሪ አይሆንም ባይ ናቸው። እዚሁ ከተማ አንድ የግል ኮሌጅም በዲግሪ እየመዘገበ ነው። የቱ ይሻላል? በዲፕሎማ ጀምሮ ማሻሻልስ ይቻላል? ወደፊት ውጭ አገር መሥራት ብትፈልግ ልዩነት ያመጣል?

ነርስ_ጣና፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ የሚወስነው ውጤቷ ነው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካመጣች ዩኒቨርሲቲ ትመደባለች። ከዚያ በታች ከሆነች የሪሜዲያል (ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት) መቁረጫ ነጥብ አለ፤ እሱም በየዓመቱ ስለሚለያይ በአምናው አትመኑ።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ግን ከምደባ በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገባች ማለት ነርሲንግ ገባች ማለት አይደለም። መጀመሪያ የፍሬሽማን (የአንደኛ ዓመት የጋራ) ኮርስ ትወስዳለች፤ ዲፓርትመንት የምትደለደለው በነጥቧና በምርጫዋ ነው፤ ጤና ላይ ደግሞ ሽሚያ አለ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምራ ነጥቧን መያዝ አለባት። ምደባውም ከባሕር ዳር ውጭ ሊሆን ስለሚችል ከአሁኑ ተነጋገሩበት። በመንግሥት ስትማር ወጪ መጋራት (የትምህርቷን ወጪ ከፊል በኋላ ለመክፈል የሚገባ ውል) ትፈርማለች፤ ኦሪጅናል ዲግሪዋን ለማውጣት ያን ማጥራት አለባት።

አባታችሁ "ቶሎ" ያሉትን በቁጥር እዩት፦ ዲግሪው 4 ዓመት ነው፣ ሌቭል 4 ደግሞ ብዙውን ጊዜ 3 ዓመት። የአንድ ዓመት ልዩነት ነው። ዲግሪው ላይ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ግዴታ ሆኗል (ማለፊያው 50 በመቶ)፤ ከዚያ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና ይከተላል።

ዋርድ (የሕሙማን ክፍል) ውስጥ መርፌውንም ሁለቱም ይወጋሉ፣ ቁስሉንም ሁለቱም ያጥባሉ። ልዩነቱ መደቡ ላይ ነው። ባለዲግሪዋ በነርስ ፕሮፌሽናል ትመደባለች፤ ደመወዙም፣ የደረጃ ዕድገቱም፣ ማስተርስ የመማር ዕድሉም ከዚያ ይነሳል። ቅጥር ግን በበጀት ስለሚወሰን ሁለቱም ወረቀት ብቻውን ሥራ አያስገኝም። ውጤቷ ከፈቀደ ምክሬ ዲግሪ ነው።

መዛኝ፦
ሌቭል 4 ከሆነ ምርጫችሁ ሲኦሲውን (የብቃት ምዘና ፈተናውን) አቅልላችሁ አትዩት። ያለሱ የሙያ ፈቃድ የለም፤ ወደ ዲግሪ ስታሻሽልም ይጠየቃል። የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው።

ተግባሩ ላይ ሰው የሚወድቀው በአብዛኛው ቅደም ተከተል ሲዘል ነው። የታካሚውን ማንነት ሳያረጋግጥ፣ የሚሠራውን ሳያስረዳና ሳያስፈቅድ፣ እጁን ሳይታጠብ ይጀምራል። ስቴራይል (ከጀርም የጸዳ) ጓንት ላይ ደግሞ ይህን ደጋግማ ትለማመድ፦ የመጀመሪያውን ጓንት በባዶ እጇ የምትይዘው ከተቀለበሰው ጠርዝ፣ ማለትም ከውስጠኛው ገጽ ነው። ሁለተኛውን የምታነሳው ጓንት ያጠለቀችውን እጅ ጣቶች ከቅልብሱ ሥር አስገብታ ነው። እዚህ ላይ አውራ ጣት ሳይታወቅ ወርዶ የሌላውን እጅ ቆዳ ይነካል፤ ከነካ ጓንቱ ተጥሎ አዲስ ይጠለቃል። መርፌ ከወጋች በኋላም ክዳኑን መልሳ አትግጠም፤ ቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ (የስለታም ቆሻሻ ሣጥን) ውስጥ ትጣለው።

የግሉኮስ ጠብታ ስሌትም ያስቸግራል። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ከታዘዘና ቱቦው በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ፣ 1000 በ20 ተባዝቶ ለ480 ደቂቃ ይካፈላል፤ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይመጣል። ስህተቱ ሰዓቱን ወደ ደቂቃ አለመቀየር ነው፣ አለዚያም በሚሊ ሊትር 60 ጠብታ የሚሰጠውን የሕፃናት ቱቦ ከዚህኛው ጋር ማምታታት።

ነርስ_ጣና፦
መዛኝ ያለው ሁሉ ለዲግሪ ተማሪም ይሠራል። ጓንቱ ዲግሪና ዲፕሎማ አይለይም።

ሬጅስትራር፦
ስለ ግል ኮሌጁ። እውቅና የሚሰጠው ለካምፓሱና ለትምህርት መስኩ ለየብቻ ነው። አዲስ አበባ ያለው ካምፓስ ነርሲንግ ተፈቅዶለታል ማለት ባሕር ዳር ያለውም ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ዲግሪ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ሌቭል ከሆነ የክልሉ ሥራና ሥልጠና ቢሮ ዘንድ ጠይቁ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አይታችሁ እንዳትከፍሉ፤ የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። የልምምድ ውል ከየትኛው ሆስፒታል ጋር እንዳላቸውና በአንድ ፈረቃ ስንት ተማሪ አንድ ዋርድ እንደሚገባም ጠይቁ። ሃያ ተማሪ አንድ አልጋ ከከበበ ሁሉም ያያል እንጂ የሚሠራ የለም።

ማሻሻል ይቻላል፤ የመውጫ ፈተናው ግን እዚያም አለ። አብዛኛው ሰው የሚቸገረው ወረቀት ላይ ነው። የስሟ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ በ12ኛ ሰርተፍኬቷ፣ በፋይዳዋ፣ በትራንስክሪፕቷና በሲኦሲዋ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። አንዲት ፊደል ከተለያየች ቶሎ ይታረም፤ ከምረቃ በኋላ ማስተካከል አድካሚ ነው።

ነርስ (ሳውዲ)፦
ስለ ውጭው፦ ሳውዲ ዲፕሎማን በቴክኒሻን፣ ዲግሪን በስፔሻሊስት ነው የምትመድበው። ሰነዱን ዳታፍሎው የተባለው ድርጅት ከተማረችበት ተቋም በቀጥታ ያጣራል።

አሜሪካ ደግሞ የ2 ዓመት አሶሼት ዲግሪ የተማረም የ4 ዓመት ባችለር የተማረም አንዱኑ የነርስ ፈቃድ ፈተና፣ ኤንክሌክስ-አርኤንን፣ ይፈተናል፤ ፈቃዱም አንድ ነው። ይህን ሰምታችሁ የእኛም ዲፕሎማ ያው ነው እንዳትሉ። የውጭ አገር ትምህርት ማስረጃ ገምጋሚዎቹ በውስጥ ደዌና ቀዶ ሕክምና፣ በእናቶች፣ በሕፃናትና በአእምሮ ጤና የተማረችውን ንድፈ ሐሳብና ልምምድ ለየብቻ ያያሉ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ያንኑ እንድታሟላ ትጠየቃለች። ስትመረቅ የየኮርሱን ዝርዝርና ሰዓት ማኅተም አስደርጋ ትያዝ።

የሽምብጥ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከ50 በታች አምጥታ ሪሜዲያል ቢደርሳትስ?

ነርስ_ጣና፦
ትግባ። ካላለፈች ግን ሌቭል 4ን አንድ ዓመት ዘግይታ ነው የምትጀምረው፤ ይህን አባታችሁም ይወቁት። ሪሜዲያል ካልደረሳት ደግሞ የኮሌጁ የምዝገባ ማስታወቂያ ሲወጣ ቀኑ አጭር ነው፤ ሰርተፍኬቷን ኮፒ አድርጋችሁ ከአሁኑ አዘጋጁ።