የፍቅር ልብ ወለዶቼን ሻጋታ ያዛቸው

ባለ መጽሐፏ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቤቴ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነው። ቀለል ያሉ የፍቅር ልብ ወለዶችና ከጋዜጣ የተቆረጡ አስቂኝ ካርቱኖች በፌስታል ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። ከሐምሌ ወዲህ ይሸታሉ፤ የአንዳንዱም ገጽ እየለቀቀ ነው። ምን ይሻላል?

ጥራዝ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ የፌስታሉ ነው፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። መጽሐፉን አቁመሽ፣ ገጾቹን በተን አድርገሽ ጥላ ውስጥ አናፍሺው። ፀሐይ ላይ ካሰጣሽው ሽፋኑ ይጣመማል። ሻጋታውን ሲደርቅ ብቻ፣ ደጅ ወጥተሽ፣ አፍንጫሽን ሸፍነሽ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊው፤ እርጥብ ሳለ ከነካሽው ወረቀቱ ላይ ይለቀለቃል። መደርደሪያውንም ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቂው።

ኮላ፦ ለለቀቀው ገጽ ስኮች እንዳትለጥፊ! ቆይቶ ቢጫ ይሆናል፣ ሲላጥም ፊደሉን ይዞ ይነሳል። ነጭ ኮላ በክብሪት እንጨት ጫፍ፣ ከገጹ ጠርዝ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀብተሽ እስከ ጀርባው አስገቢው። ከባድ ነገር ጭነሽ አሳድሪው። ኮላው ከበዛ ቀጣዩን ገጽ ይይዘዋል፤ የሚታረቁበት ምዕራፍ ተጣብቆ ቀረ ማለት ነው 😄

ጥራዝ፦ ካርቱኖቹን ረስተናቸው! የጋዜጣ ወረቀት በውስጡ ባለው ሊግኒን (ከእንጨቱ የሚመጣ ንጥረ ነገር) የተነሳ ብርሃን ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል። ቀኑን ጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፊ (እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል)፣ በነጭ ወረቀት እየለየሽ ካርቶን ውስጥ አጋድሚያቸው። ተከታታይ ከሆኑ ቁጥር ስጫቸው፤ ቅደም ተከተሉ ከጠፋ ቀልዱም ይጠፋል።

ኮላ፦ አዎ። አሮጌ ልብ ወለድ ስትገዢም መጀመሪያ መጨረሻውን ገልጠሽ እዪ፤ ቶሎ የሚረግፈው እሱ ነው።