መኪና የሌለበት የብስክሌት ጉዞ በዳርትሙር ኮረብቶች፦ በፕሊማውዝና በአካባቢው ለምንኖር ወገኖች

ጥያቄ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ወደ ፕሊማውዝ የመጣሁት በቅርቡ ነው። አንድ ወገናችን ያገለገለ ብስክሌት ሰጥቶኛል። ያደግሁት ባሕር ዳር ስለሆነ መንዳቱን በደንብ አውቀዋለሁ፤ እዚህ ግን የመኪናው ብዛትና በግራ በኩል መሄዱ አስፈርቶኛል። ከከተማው ወጣ ሲሉም ዳገትና ቁልቁለት እንጂ ሜዳ አላየሁም። መኪና ሳያስጨንቀኝና ጉልበቴ ሳይዝል ከከተማ ወጥቼ የምሄድበት መንገድ ካለ ብታሳውቁኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ

እኅታችን፣ እንኳን ደኅና መጡ። እኔ እዚህ ከተማ ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያሳለፍሁት ግን ከቤቴ፣ ከሥራዬና ከቤተ ክርስቲያን ሳልወጣ ነው። በስተሰሜን ምሥራቅ ያለውን የዳርትሙር ደጋ የማውቀው በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ነበር። ዛሬ ወደዚያ በብስክሌት ሳልወጣ የሚያልፈኝ ቅዳሜ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ መልሴ ከጠበቁት በላይ ቢረዝም ይታገሡኝ።

ዳገቱን ፈርተው ተራራውን አይተዉት፤ የድሮውን የባቡር መንገድ ይያዙ። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐዲድ የዘረጉት መሐንዲሶች ኮረብታውን እየቆረጡ፣ ሸለቆውን በድልድይ እየተሻገሩ፣ መቁረጥ ያቃታቸውን በዋሻ እየሰረሰሩ ነበር ያለፉት። ከዚያ በኋላ መስመሮቹ ተዘግተው ሐዲዱ ሲነሣ፣ ለእንፋሎት ባቡር ተብሎ የለዘበው ዳገት ለእግረኛና ለብስክሌት ተረፈ። ሽቅብ ሲወጡ እንደነበረ ብዙ ጊዜ የሚገባዎ በመልሱ ጉዞ፣ ፔዳሉን ሳይረግጡት ብስክሌቱ ራሱ መውረድ ሲጀምር ነው።

መጀመሪያ የምመክርዎ ከፕሊማውዝ ታቪስቶክ የሚያደርሰውንና በመርከበኛው በፍራንሲስ ድሬክ ስም የሚጠራውን መንገድ ነው። ርዝመቱ 21 ማይል፣ ማለትም 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አብዛኛው ክፍል በ1859 ተከፍቶ በ1962 መጨረሻ በተዘጋው የባቡር መስመር ላይ ያልፋል። መንገዱ እንዳይጠፋብዎ፣ በሰማያዊው ሰሌዳ ላይ በቀይ መደብ የተጻፈውን 27 ቁጥር ይከተሉ። ቁጥሩ ከሰሜን ዴቨን ጠረፍ ከኢልፍራኮምብ ተነሥቶ ፕሊማውዝ የሚያበቃው የ99 ማይል መስመር ምልክት ነው።

ከከተማው ሲወጡ በፕሊም ወንዝ ዳር ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ይገባሉ። በካን ድልድይ ላይ ቆም ብለው የድሮውን የድንጋይ ካባ ቢመለከቱ፣ በጸደይ ወራት በገደሉ ላይ የሚፈለፍሉትን ጭልፊቶች ያዩ ይሆናል። ትንሽ ወጣ ብሎ የሾው ዋሻ አለ። ውስጡ መብራት ቢኖረውም የራስዎን መብራት አይተዉ። በበጋ እንኳ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ማጅራት ላይ ሲያርፍ በረዶ ነው፤ የጎማውም ድምፅ ከግድግዳው እየተመለሰ ከኋላ ሌላ ሰው የሚከተልዎ ይመስልዎታል። ከዋሻው ወዲያ፣ ክሊርብሩክ አካባቢ፣ ጫካው ያበቃና ደጋው ይጀምራል።

ያ ቦታ ለእኔ ልዩ ነው። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። መጀመሪያ በዚያ ሳልፍ ነፋሱ፣ ጉሙ፣ አጭሩ ሣርና ከሣሩ መሐል ብቅ ያለው ጥቁር ድንጋይ የአገሬን የመንዝን የጓሳ ደጋ አስታወሰኝና ከብስክሌቴ ወርጄ ቆምሁ። በነሐሴ ኮረብታውን ሐምራዊ የሚያደርጉት ቁጥቋጦዎች የእኛ አስታ የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በሳይንሳዊ አመዳደብ ከአስታ ጋር ከአንድ ወገን ይቆጠራሉ። ጎልቶ የሚታየው ልዩነታቸው ቁመታቸው ነው፤ የእኛው ዛፍ ይሆናል፣ የዚህ አገሩ ግን ከጉልበት አያልፍም። ግጦሹም ቢሆን እንደ ጓሳ ሁሉ ባለመብት ገበሬዎች በጋራ የሚጠቀሙበት ነው። ጓሳን የጠበቀውን የቀሮን ሥርዓት፣ ማለትም ኅብረተሰቡ ግጦሹን በጋራ የሚያስተዳድርበትን ደንብ፣ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። በመንገዱ ላይ ልቅ ሆነው የሚያገኟቸው ፈረሶች የዱር ይምሰሉ እንጂ ሁሉም ባለቤት አላቸው፤ ስለዚህ ምግብ አይስጧቸው፣ አጠገባቸው ሲደርሱም ፍጥነት ይቀንሱ።

ሙሉ መንገዱ ከመኪና ነጻ ነው ብዬ ግን አላታልልዎትም። በየልቨርተንና በሆራብሪጅ በኩል ጎዳና ማቋረጥና ጸጥ ባሉ የመንደር መንገዶች ጥቂት መሄድ ግድ ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ በነዚያ ቦታዎች ወርጄ ብስክሌቴን እየገፋሁ በእግረኛ መንገድ አልፍ ነበር፤ እርስዎም እስኪለምዱት እንዲሁ ያድርጉ። ከዚያ በኋላ የሚያገኙት በ2012 የተከፈተው የጄም ድልድይ ነው። 200 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ይህ ድልድይ ከዎልካም ወንዝ 24 ሜትር ከፍ ብሎ ሲያሻግርዎ፣ ከዛፎቹ አናት በላይ ይሄዳሉ። ታቪስቶክ ሲደርሱ የታወቀውን ገበያ ያገኛሉ፤ የገበያው ፈቃድ የተሰጠው በ1105 ነው።

ስለ አየሩ ጠበቅ አድርጌ ልናገር፤ በራሴ ላይ ደርሶብኛልና። በመስከረም ወር በሌላው የድሮ ባቡር መንገድ ወደ ፕሪንስታውን ወጥቼ ነበር። ይህ መስመር ከ1883 እስከ 1956 ያገለገለ ሲሆን፣ ኪንግስ ቶር የሚባለውን ኮረብታ እንደ እባብ እየዞረ ይወጣል። ከመንገዱ ዳር ለለንደን ድልድይ ማስፊያ ተጠርበው የተረፉት የግራናይት ድንጋዮች እስከ ዛሬ ተጋድመዋል። እነሱን እያየሁ ሳለ ጉሙ በደቂቃዎች ውስጥ ወረደና የራሴን የፊት ጎማ ማየት እስኪያቅተኝ ድረስ ሸፈነኝ። ለብሼ የወጣሁት ስስ ሹራብ ብቻ ነበር፣ ስልኬም ኔትወርክ አልነበረውም። ያዳነኝ የሐዲዱ መደብ ነው፤ እግሬ ከተደለደለው ጠጠር ወደ ሣሩ በወጣ ቁጥር እየተመለስሁ፣ ብስክሌቴን እየገፋሁ ከአንድ ሰዓት በላይ ሄጄ ወረድሁ። አቋራጭ ፍለጋ ከመንገዱ ብወጣ ኖሮ ረግረጉ ውስጥ እገባ ነበር። ከተፈቀዱት መንገዶች ውጭ በደጋው ላይ ብስክሌት መንዳትም ክልክል ነው።

ስለዚህ ፕሊማውዝ ላይ ፀሐይ ቢሆንም የዝናብ ልብስ፣ ጓንትና የፊትና የኋላ መብራት ይያዙ፤ ከመሸ በኋላ ፊት ነጭ፣ ኋላ ቀይ መብራት ማብራት በሕግ ግዴታ ነው። ጎሚስታ በየመንገዱ አይገኝምና መንፊያና መለዋወጫ ካላማዳሪ አይለዩዎ። ለስንቅ በሶ የሚያህል የለም፤ ጠዋት በጥብጠው በኮዳ ቢይዙት ታቪስቶክ ደርሶ ይመልስዎታል።

ሁለተኛ ጥያቄ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። የ9 ዓመት ልጅ አለችኝ። ይህን ሁሉ መንገድ የምትችለው አይመስለኝም። ከእርሷ ጋር የምሄድበት አጠር ያለ መንገድ ይኖር ይሆን?

መልስ

አለ። በዚሁ መንገድ ላይ፣ ከከተማው ዳር ካለው ከፕሊምብሪጅ ተነሥታችሁ ዋሻውን አልፋችሁ እስከ ክሊርብሩክ ሂዱና ተመለሱ። የሚከብዳት መውጫው ነው፤ መመለሻው ቁልቁለት ስለሆነ ደስ ይላታል፣ ብቻ ፍሬኗን አስቀድመው ይፈትሹ። ልጅቷን ከፊትዎ ያስቀድሙ፣ እርስዎ ከኋላ ይሁኑ።

እግሯ ሲጠነክር ደግሞ ከኦክሃምፕተን ሊድፎርድ የሚሄደውን 11 ማይል መንገድ ያሳዩዋት። በዚያ የሚያልፉበት የሜልደን ድልድይ በ1874 የተሠራ የብረት ድልድይ ሲሆን ከሸለቆው 46 ሜትር ያህል ይርቃል፤ በአንድ ወገን ግራናይቱ ተራራ፣ በሌላው የዴቨን አረንጓዴ እርሻ ይታያል። ከ2021 ጀምሮ ከኤክሰተር ወደ ኦክሃምፕተን ባቡር ስላለ፣ በኤክሰተር በኩል ብስክሌታችሁን ይዛችሁ መድረስ ትችላላችሁ። ለረጅም ርቀት ባቡር ግን የብስክሌት ቦታ አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እኔና ባለቤቴ ከፕሊምብሪጅ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንነሣለን። መምጣት ከፈለጋችሁ የልጅቷን ጎማ የምትነፋበትን መንፊያና ለእርሷ የሚሆን ትርፍ የዝናብ ልብስ እኔ ይዤ እመጣለሁ።