ወንድሜ ድብርቱ ተመለሰበት፣ ለዘለቄታው ሚሻለው ምን ብናደርግ ነው?

ጥያቄ (እህቱ፣ ከሐይቅ)
ሰላም የሀገሬ ልጆች፣ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው ምጠይቃችሁ። 23 አመቱ ነው፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሰራ ነበር አሁን ትቶት ቤት ገብቷል። አምና እንዲሁ ሰው አላናግር ሲል ሆስፒታል ወስደነው ድባቴ ነው ብለው ፍሉኦክሴቲን ሚባል ኪኒን ሰጡት፣ እያደር ተሻለው መሳቅ መጫወት ጀመረ፣ ቤተሰቡም ዳነ አለና ኪኒኑ ሲያልቅ ማንም አላስታወሰው። አሁን ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ያው ነገር መጣ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ይነቃል ከዛ በኋላ እንቅልፍ የለም፣ እህል አይቀምስም፣ ጓደኞቹ ሲመጡ ተኝቷል በሉልኝ ይላል፣ ቡና ተፈልቶ እንኳ ወጥቶ አይቀመጥም እሱ እኮ ቡና ላይ ጨዋታው ለብቻው ነበር። እኛ ቤት እንደ ወሎ ሰው ሁለቱም ሃይማኖት አለ፣ የአባቴ ወገኖች ሸሆቹ ጋ ሄዶ ዱዓ ይደረግለት ይላሉ፣ የእናቴ ወገኖች ጸበል ይላሉ፣ አጎቴ ደግሞ ኪኒኑ ሱስ ያሲዘዋል እንዳትሰጡት ብሎ ድርቅ ብሏል። እኔ ምፈልገው ትንሽ ተሽሎት መልሶ ሚጥለው ሳይሆን ሚዘልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ አማኑኤል መውሰድ አለብን ወይስ ደሴ ይበቃል? በአላህ ምታውቁ መልሱልኝ

መልስ (የሳይካትሪ ነርስ፣ ደሴ)
እህቴ አብሽሪ፣ ይሄ ሚታከም ነገር ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር መልሺልኝ፣ መሞት እፈልጋለሁ ወይ ባልኖር ይሻለኛል ሚል ነገር ተናግሮ ያውቃል? ካልተናገረም ብቻችሁን ሆናችሁ በቀጥታ ጠይቂው፣ መጠየቅ ሃሳቡን አያመጣበትም፣ ብዙ ሰው እንደውም ሲጠየቅ ነው ሚቀለው።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ አምና የሆነው ብዙ ቤት ሚሆን ነው። የድባቴ መድሃኒት ስራውን እስኪጀምር ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል፣ አንዳንዱ ጋ ከዛም ይቆያል፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ስላለ ብዙ ሰው እዛው ላይ ይተወዋል። ያንን ችሎ ያለፈ ሰው ደግሞ ሲሻለው ይተወዋል። ልክ እንደ ቲቢ መድሃኒት አስቢው፣ ሳሉ ጠፋ ተብሎ አይቆምም አይደል? ድባቴም ከተሻለው በኋላ ቢያንስ 6 ወር፣ ብዙ ጊዜም ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠል አለበት፣ እንደሱ ለተመለሰበት ሰው ሃኪሙ ከዛም ሊያስረዝመው ይችላል። ሚቆመውም በሃኪም ምክር ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። ለአጎትሽ ንገሪው፣ እንደ ጫት ወይ እንደ ሲጋራ ሀራራ የለውም፣ ጨምሩልኝ አያስብልም። ባንዴ ሲቋረጥ ግን ማዞርና መነጫነጭ ያመጣል፣ ሰዉ ሱስ ነው ሚለው እሱን አይቶ ነው።

ሁለት ነገር ለሃኪሙ ሳትናገሩ እንዳትመለሱ። አንደኛ እንቅልፍ ሳያስፈልገው ቀናት ሙሉ ሚለፈልፍበት፣ ገንዘብ ሚበትንበት፣ ከልክ በላይ ደስ ሚለው ጊዜ ነበረው ወይ? ከነበረ ህክምናው ሌላ ነው፣ የድባቴ ኪኒን ብቻውን ሊያባብሰው ይችላል። ሁለተኛ በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ያየው ነገር ካለ፣ በቅዠት ሚባንን ወይ በትንሽ ድምፅ ሚደነግጥ ከሆነ እሱንም ተናገሩ፣ ብዙ ወጣት ያን ውጦ ነው ሚኖረው። የደም ማነስና የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው እጢ) ችግርም ድባቴ ስለሚመስሉ ምርመራ ቢያዙለት አትከልክሉ።

ደሴ ሪፈራል የአእምሮ ህክምና ክፍል አለው፣ አማኑኤል ድረስ መሄድ ግዴታ አይደለም። ለክትትል ቅርብ መሆኑ ራሱ ግማሽ ህክምና ነው፣ በየወሩ አዲስ አበባ ማን ይመላለሳል?

መልስ (የባቲ ልጅ)
እኔ እንኳ ኪኒኑን አልደግፍም ይቅርታ። የአክስቴን ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲያስተኛው ነበር አደንዝዞ ነው ያስቀመጠው፣ ስራና ትዳር ቢይዝ ይተወው ነበር ባይ ነኝ

መልስ (የሳይካትሪ ነርስ፣ ደሴ)
ወንድሜ ሚያስተኙ አሉ ልክ ነህ፣ አሚትሪፕቲሊን ለምሳሌ ያስተኛል ለዛ ነው ማታ ሚወሰደው፣ ፍሉኦክሴቲን ደግሞ እንቅልፍ እንዳይነሳ ጠዋት ነው። ካደነዘዘው መጠኑ ይስተካከላል ወይ በሌላ ይቀየራል፣ ሃኪሙ ጋ ተመልሶ መናገር ነው። ስራና ትዳር ላልከው ደግሞ፣ ከአልጋ መነሳት ያቃተውን ሰው አግባ ማለት ሸክም መጨመር ነው፣ ለሚስቲቱም አይበጃትም።

መልስ (የኮምቦልቻው)
እኔ አልፌበታለሁ ስለዚህ ልንገርሽ። ኪኒኑ መሬቱን አስረገጠኝ፣ እንድራመድ ያደረገኝ ግን ሌላ ነው። አንድ አማካሪ ነበረች፣ ደስ እስኪልህ አትጠብቅ መጀመሪያ አድርገው ደስታው ኋላ ይመጣል አለችኝ፣ እኔ ደግሞ ስሜት ሲኖረኝ እወጣለሁ እያልኩ ነበር ስሜቱ ደግሞ አይመጣም። በትንሹ ነው የጀመርነው፣ ፊቴን ታጥቤ ደጅ ወንበር ላይ ፀሃይ መሞቅ፣ ከዛ ሱቅ ድረስ፣ ከዛ ጓደኛዬ ሳይጠይቀኝ እየመጣ ተነስ ጫማህን አድርግ ይለኝና እናዘግማለን፣ ወሬ እንኳ ሳናወራ ምንመለስበት ቀን ነበር። ለወንድምሽ እንደሱ ያለ አንድ ሰው ፈልጊለት፣ ምክር ሚያበዛ አይሁን

ጫት ይቅማል ወይ? አልገለፅሽም ግን እኔን የጎዳኝ እሱ ነው። ምርቃናው እያለ ዓለም የኔ ነው፣ ሲወርድ ግን ድብርቱ እጥፍ ሆኖ ነው ሚመጣው እንቅልፉም አብሮ ይሄዳል፣ ከዛ ለመተኛት መጠጥ ይባላል መጠጡ ደግሞ ራሱ ያስደብታል። ኪኒን እየወሰደ ጫቱን ካልተወ ለውጥ አትጠብቂ

እንዳይመለስ ላልሽው ደግሞ፣ የኔ ምልክቱ ታውቋል፣ መጀመሪያ ስልክ አላነሳም ከዛ ሌሊት መንቃት ይጀምረኛል። ወንድሜ ያውቃል፣ ሁለቱን ካየ ቀጠሮዬን አይጠብቅም ይዞኝ ይሄዳል። እናንተም ደህና ሲሆን አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ምልክቶቹን ተነጋገሩ፣ ታሞ እያለ አይሆንም

መልስ (እናት፣ ከወልድያ)
የኔ ልጅ፣ ዱዓውንም ጸበሉንም ማንም አይከልክለው ግን ኪኒኑን አስጥለው እንዳይወስዱት። የኛ ቄስ ልጄን መድሃኒትህን በሰዓቱ ዋጥ እሱም የእግዜር ነው ብለው ሲነግሩት ነው የሰማው፣ እናንተም ሸሁን ቀድማችሁ አስረዷቸውና እሳቸው ለአጎቱ ይንገሩት፣ የትልቅ ሰው ቃል ይሰማል። ረመዳን ሲመጣም በቀን አንዴ ሚወሰድ ከሆነ በሱሁር ወይ በኢፍጣር ይሆናል፣ ሃኪሙን አስቀድመሽ ጠይቂ። ደሞ ወንድ ልጅ አይደለህ ወይ ጠንከር በል አትበሉት ልጄን በጣም የጎዳው ይሄ ቃል ነበር።

እህቱ፣ ከሐይቅ
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጫት አዎ ይቅማል በተለይ ኮምቦልቻ ከገባ ወዲህ። ነርሷ እህቴ ያልሽኝን ጠየቅኩት፣ መጀመሪያ ዝም አለኝ ከዛ ተኝቼ ባልነሳ ደስ ይለኛል አለና አለቀሰ፣ እኔም አብሬው አለቀስኩ። ቀጠሮ ለሚቀጥለው ሳምንት ልናሲዝ ነበር

መልስ (የሳይካትሪ ነርስ፣ ደሴ)
መጠየቅሽ ትልቅ ነገር ነው፣ ቀጠሮ ግን አትጠብቁ። ዛሬውኑ ውሰዱት፣ የሪፈራሉ ድንገተኛ ሌሊትም ይቀበላል፣ ገብታችሁ ልክ የነገረሽን ቃል ተናገሩ አታለሳልሱት። እስክትደርሱ ለብቻው አይሁን፣ ሽንት ቤት እንኳ ሲሄድ ቅርብ ሁኑ፣ ቤት ያለ ኪኒንና ሊጎዳው ሚችል ነገር ሁሉ ከእጁ ይራቅ። መድሃኒት ከጀመሩለትም ኪኒኑን አንቺ ያዢው፣ በሱ እድሜ ላሉ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ሃሳቡ ሊብስ ስለሚችል በደንብ ይታያል።

እህቱ፣ ከሐይቅ
መኪና አግኝተናል፣ አጎቴን የነገረኝን ስነግረው እሱ ራሱ ነው ልውሰደው ያለው። ምን ይዘን እንሂድ?

መልስ (የሳይካትሪ ነርስ፣ ደሴ)
የአምናውን ካርድና የኪኒኑን ባዶ ፓኮ ካለ፣ ስንት ሚሊግራም እንደነበር እሱ ላይ አለ። ጫቱን አትደብቁ። አስተኝተው ሊያዩት ስለሚችሉ ጋቢና ቅያሪ ልብስ ያዙ፣ አብሮት ሚያድር አንድ ሰውም ይኑር።