የሙቲያ ሙራሊታራን 800 ዊኬትና የአወራወሩ ክርክር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዱባይ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩ የስሪላንካ ተወላጆች የአገራቸውን ክሪኬት ተጫዋች ሙራሊታራንን የሚስተካከል ኳስ ወርዋሪ የለም ሲሉ፣ ሌሎች የሥራ ባልደረቦቻችን ግን አወራወሩ ሕግ የጣሰ ነበር እያሉ ይሟገቷቸዋል። የክርክሩን ምንጭ የሚያስረዳኝ ይኖራል?

መልስ፦ በክሪኬት ሕግ ወርዋሪው ኳሱን በሚለቅበት ጊዜ የታጠፈ ክርኑን መዘርጋት አይፈቀድለትም። በታኅሣሥ 1995 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ዳኛው ዳሬል ሄር ይህንኑ ምክንያት አድርገው የሙራሊታራንን ውርወራዎች ደጋግመው ሕገ ወጥ አሉበት። ነገር ግን ክርኑ ከልደቱ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋ በመሆኑ፣ ከሩቅ የሚያየው ሰው እየዘረጋው ነው ብሎ ለመደምደም ይቸኩላል። በኋላም የዓለም አቀፉ ክሪኬት ምክር ቤት ለሁሉም ወርዋሪዎች እስከ 15 ዲግሪ የሚደርስ መዘርጋትን ፈቀደ። በእኔ እምነት ጉዳዩ እዚያ ላይ ተዘግቷል።

መልስ፦ አልተዘጋም የሚሉ ዛሬም አሉ፤ ለእኔ ግን የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። በቴስት፣ ማለትም በአገሮች መካከል ለቀናት በሚዘልቀው ግጥሚያ፣ ካገኛቸው 800 ዊኬቶች፣ ማለትም ከጨዋታ ካስወጣቸው መቺዎች፣ ከግማሽ በላዩን ያገኘው ለሚሽከረከር ኳስ በሚመቹት የአገሩ ሜዳዎች ላይ ነው።

መልስ፦ እውነት ነው፤ ሆኖም በ1998 እ.ኤ.አ. ለንደን ኦቫል ላይ እንግሊዝን በአንድ ግጥሚያ 16 ዊኬት የወሰደባት በሰው አገር ነበር። ጡረታውን አስቀድሞ ካሳወቀ በኋላ 800 ለመሙላት 8 ዊኬት ጎድሎት በሐምሌ 2010 እ.ኤ.አ. በስሪላንካዋ ጎል ከተማ ላይ ከሕንድ ጋር የገጠመው ሙራሊታራን፣ ስምንተኛውን ያገኘው በቴስት ዘመኑ የመጨረሻ ውርወራ ነው።