የዘይት ቀለሜ አልደርቅ አለ፤ ምን ይሻለኛል?

ሰላም ወገኖች፣ ደሴ የምኖር ሠዓሊ ነኝ። በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ ኤግዚቢሽን አለኝ፤ ሥዕሎቼ ግን አልደርቅ ብለው ጭንቅ ውስጥ ገብቻለሁ። ስቱዲዮዬ ጦሳ ተራራ ሥር ነው። ክረምቱን ጉሙ ከመስኮቴ አልተለየም። ቡናማው ቶሎ ያዘ፤ ነጩ ግን አሁንም ጣት ላይ ይለጠፋል። በተለይ በአንዱ ሥዕሌ ላይ ያለችው የሰኞ ገበያዋ እናት ነጠላ! እጥፋቱ ላይ ነጩን በቢላ ወፈር አድርጌ ነው የጣልኩት። ሥዕሉን ያቆመው እሱ ስለሆነ ፍቄ ላሳሳው አልፈልግም።

ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ወስጄ ላቆየው? የዘይት ቀለም የሚደርቀው ከአየሩ ኦክስጅን ስቦ ነው፤ ታዲያ ሙቀቱ ብቻ ይበቃዋል? ከሰል አንድድ ያሉኝ አሉ፤ አመዱ እንዳይጣበቅበት ፈራሁ። ደግሞስ ያልደረቀ ሸራ በመኪና እንዴት ይጫናል? መጠቅለሉ አይታሰብም። የሞከራችሁት ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። የኤግዚቢሽኑ አስተባባሪ ሐሙስ ሥራዎቹን ለማየት ስቱዲዮዬ ትመጣለች።