አያቴ ለዛር ስለገበረች እኔ ነኝ የምጠየቀው?

ግራ የገባው፦
ሰላም ቤቶች። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። የእናቴ እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዛር ነበረባት ይባላል። እኔ ልጅ ሆኜ የማስታውሰው ጥቂት ነው፤ ገብስማ ዶሮ ይታረዳል፣ ቤቱ በዕጣን ጭስ ይታፈናል፣ እኛ ልጆች ወደ ጓሮ እንባረራለን። እሷ ካረፈች በኋላ ስለዚህ ነገር ትንፍሽ ያለ የለም። አሁን ሠላሳን አልፌያለሁ። ሥራ አይበረክትልኝም፣ ሽማግሌ ልኬም ሁለቴ ፈርሶብኛል። በቀደም እማዬ ጎትጉታ አንድ ጠበል ወሰደችኝ። እዚያ ያገኘነው አጥማቂ ነኝ የሚል ሰውዬ ገና ስሜን ሳይጠይቅ «ይሄ የዘር ነው፣ የአያትህን ኃጢአት ነው የምትከፍለው» አለኝ። እማዬ እዚያው ቁጭ ብላ ለቅሶ። እኔ ደግሞ ደሜ ፈላ። ባልሠራሁት ነገር በምን ሒሳብ ነው የምጠየቀው? ግን ዘጸአት 20 ላይ የአባቶች ኃጢአት እስከ ሦስተኛና አራተኛ ትውልድ እንደሚደርስ ተጽፏል፤ ስቆጥረው እኔም ውስጡ አለሁበት። የምታውቁ አስረዱኝ፣ ስድብ ይቅር።

የቆሎ ተማሪ፦
ወንድሜ፣ ዘጸአትን አንብበህ ሕዝቅኤል 18ን ዘለልካት። ነቢዩ የሚናገረው ባቢሎን ተማርከው ላሉ ሰዎች ነው። አፋቸው ላይ አንድ ተረት ነበረች፣ አባቶች ጨርቋ (ያልበሰለ) ወይን በሉ የልጆች ጥርስ ጠረሰ የምትል። በአጭሩ «እነ ንጉሥ ምናሴ ጣዖት አቆሙ፣ እኛ ተማረክን» ነው ነገሩ። እግዚአብሔር ይህችን ተረት ሁለተኛ እንዳትተርቱ አላቸው። ቁጥር 20 ላይ ደግሞ ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም፣ አባትም የልጁን፣ ብሎ ቁርጡን ይነግራቸዋል። ምዕራፉን ረጋ ብለህ አንብበው፤ ሦስት ትውልድ ነው የሚያሳይህ። ጻድቅ አባት አለ፣ የሚቀማና ደም የሚያፈስ ልጅ አለ፣ ከዚያ የአባቱን ሥራ አይቶ እሱን ያልደገመ የልጅ ልጅ አለ። ያ የልጅ ልጅ በሕይወት ይኖራል ይላል። አንተ እሱ ነህ።

2ኛ ነገሥት 14 ላይ ያለው ንጉሥ አሜስያስም አባቱን የገደሉበትን ሰዎች ቀጣ፣ ልጆቻቸውን ግን አልነካም፤ የሙሴ ሕግ ከልክሎታል (ዘዳግም 24፥16)። እንግዲህ ሕጉ ንጉሡን የከለከለውን ያ አጥማቂ ነኝ ባይ ለራሱ ፈቅዷል ማለት ነው!

ዘጸአት ላይ ያለው «በሚጠሉኝ» የምትል ቃል አብራው አለች፤ በዚያው መንገድ ለሚቀጥሉት ነው። ደግሞ የኃጢአት መዘዝ ወደ ልጅ አይወርድም አልልም። አባት ጠጥቶ ቤቱን ከሸጠ ልጆቹ ኪራይ ቤት ያድጋሉ፣ ይርባቸዋልም። ስካሩ ግን የእነሱ በደል ሆኖ አይጻፍባቸውም።

የማርያም ልጅ፦
ኧረ እንዲህ አታቅልሉት! አዳም በላ፣ ሞት ለሁላችን ደረሰ። ይሄንንስ ምን ልትሉት ነው? እኔ በዓይኔ ያየሁት አለ፣ በዘር የሚሄድ መንፈስ ጠበል ላይ ሲጮህ ሰምቻለሁ። መጽሐፍ ስለጠቀሳችሁ ዓይነ ጥላ አይጠፋም።

የቆሎ ተማሪ፦
እህቴ፣ ጥንተ አብሶን፣ ማለትም ከአዳም የመጣውን በደል፣ አልካድኩም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና የምትነሳው ለምን ሆነና? ይሄም ልጅ ተጠምቋል። መንፈስ ያስቸግራል ካልሽም እሺ፣ ጠበል ይጠመቅ፣ ይጸልይ። ግን በመንፈስ መቸገር ሌላ፣ በደለኛ መሆን ሌላ። ለንስሐ ስትቀርቢ ካህኑ የሚጠይቁሽ ያንቺን ነው እንጂ የአያትሽን አይደለም።

የመርካቶዋ፦
እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ሳልጋበዝ ገባሁ ይቅርታ። ይሄ ነገር እኛም ሰፈር አለና ነው። ቁርኣን ውስጥ ማንም ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከም ደጋግሞ ተነግሯል፣ ሱረቱ ፋጢር 18 እና ነጅም 38ን ማየት ይቻላል። አደምም እኛ ዘንድ ተውበት (ንስሐ) አድርጎ አላህ ተቀብሎታል፣ ለልጆቹ ያወረሰው ወንጀል የለም። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን ሱረቱ ኢብራሂም 22 ነው። ፍርዱ ካለቀ በኋላ ሸይጧን ራሱ ተነስቶ፣ እኔ ጠራኋችሁ እንጂ ስልጣን አልነበረኝም፣ እኔን ሳይሆን ራሳችሁን ውቀሱ ይላቸዋል። አክስቴ ወጡ ሲያርባት እንኳን «ሸይጧን ነው» ትላለች፤ ይቺን አንቀጽ ካነበብኩላት ወዲህ ትንሽ ቀንሳለች።

ሹፌሩ፦
ሁላችሁም ተራቀቃችሁ። ብሮ፣ ሥራ የማይበረክትልህ ለምንድነው? ጠዋት ታረፍዳለህ? ከአለቃ ጋር ትጣላለህ? እንደኔ ከሆነ፣ አያትህን የምትጠራው ራስህን ላለማየት ነው። አዳምም «ይህች የሰጠኸኝ ሴት» ብሎ ነው የጀመረው፣ እሷም ወደ እባቡ ጠቆመች። የልምድ ነው።

ግራ የገባው፦
@ሹፌሩ ሃሃ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ግን አንደኛው ድርጅት ተዘጋ፣ ሁለተኛው ሠራተኛ ቀነሰ፣ ከሦስተኛው በገዛ ፈቃዴ ወጣሁ። ሽማግሌ የላክሁባቸውም አንደኛዋ ውጭ ሄደች፣ ሁለተኛዋ ቤተሰቦቿ እምቢ አሉ። የቱ ላይ ነው ኃጢአቴ?

የቆሎ ተማሪ፦
የትም ላይ ላይሆን ይችላል። ዮሐንስ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን ኃጢአት ቢሠራ ነው፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ ብለው ጠየቁ። ጌታ ሁለቱንም አይደለም አላቸው። እዚህ ቤት አንዱ ወደ አያት፣ ሌላው ወደ አንተ ጣቱን ቀሰረ፤ ድርጅት ሲዘጋ ግን ድርጅት ተዘጋ ማለት ነው። ስለምትሠራው ትጠየቃለህ፣ ስለደረሰብህ ሁሉ ግን አይደለም።

ሹፌሩ፦
እሺ፣ ቃሌን አነሳሁ። ያው ማርፈድህን ግን አልካድክም።

ግራ የገባው፦
ተባረኩ ሁላችሁም። እማዬን ግን ምን ልበላት? ሌሊት እየተነሳች ታለቅሳለች፣ የእናቷ ነገር ነው የከበዳት።

የመርካቶዋ፦
አንቀጽ አታንብብላት፣ ክርክር ይመስላታል። የንስሐ አባቷ ቢነግሯት ይሻላል፣ የእሳቸውን ትሰማለች።

ግራ የገባው፦
ልክ ነሽ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ይመጣሉ፣ ቡና ላይ እሷ ባለችበት እጠይቃቸዋለሁ። ረስቼው፣ ሰውየው «የዘሩን ለመንቀል» ብሎ ሦስት ሺህ ብር ጠይቆናል።

ሹፌሩ፦
ሦስት ሺህ?! ከዚህ ብትጀምርልን ኖሮ እኮ የቆሎ ተማሪው ይሄን ሁሉ ባልደከመ።